«ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው»፦ በወረርሽኝ ጊዜ ባህላችን የሚያግዘንና የሚያጋልጠን መቼ ነው?

ወረርሽኝ ሲመጣ ሐኪሞች የሚናገሩት የትም አገር ያው ነው፦ እጃችሁን ታጠቡ፣ ተራራቁ፣ ከታመማችሁ ተመርመሩ። ሰው የሚያደርገው ግን እንደ አስተዳደጉ ነው። አንዷ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ታፈላለች። አንዱ ዕጣን ያጨሳል። ሌላዋ ማዳም እንዳታውቅባት ትኩሳቷን ደብቃ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሌላው ደግሞ «የተጻፈ አይቀርም» ብሎ ማስክ ሳያደርግ ወደ በጥሃ ገበያ ይወጣል።

እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ጭንቅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ከእናት ከአባታቸው፣ ከሰፈራቸውና ከሃይማኖታቸው የተማሩትን ነው የሚያደርጉት። ባህል የምንለው ይኼንኑ ነው። ያው ባህል አንዴ ሕይወት ያድናል፣ አንዴ ደግሞ ያጋልጣል።

ይህ ጽሑፍ በሪያድ፣ በዲራና በዙሪያዋ ለምትኖሩና ለምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች ነው። መልእክቱም ይኼ ነው፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ባህላችንን መጣል አያስፈልገንም። ዓላማውን ይዘን መልኩን ብቻ መቀየር እንችላለን። ግን ደግሞ ባህል ያልሆነውን ነገር፣ ለምሳሌ የተቆለፈ በርንና የተያዘ ፓስፖርትን፣ «ልማድ ነው፣ ቻይው» ተብለን መቀበል የለብንም።

(ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመቶ ዓመት በፊት፦ የኅዳር በሽታና የምሕረት ዓመት

በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ኢትዮጵያም ገባ። የበረታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ስለነበር «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪም በዚሁ በሽታ ታመው ድነዋል።

ከዚያ ጊዜ የቀረልን ልማድ «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ ቆሻሻ ከየቤቱና ከየደጁ ተጠርጎ ይቃጠላል። ይህን ልማድ ከፈል አድርገን እንየው። ጠረጋውና ጽዳቱ ዛሬም ትክክል ነው። «ጭሱ በሽታውን ያባርራል» የሚለው ግን ትክክል አይደለም። ጭስ ቫይረስ አይገድልም፣ በተለይ ፕላስቲክ ሲቃጠል ሳንባን ይጎዳል። በቅርብ ዓመታት «ቆሻሻው ይሰብሰብ እንጂ አይቃጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛም ነገር አለ፦ ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ያንን ወረርሽኝ እንዳንረሳ አድርጎናል። መጽሐፍ ያላነበበ ሰው እንኳ አንድ ክፉ በሽታ መጥቶ እንደነበር ከኅዳር 12 ያውቃል።

ያው በሽታ እዚህ ሪያድም ደርሷል። ሪያድ ያኔ በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ነበረች። ዛሬ ዲራ የምንለው፣ የመስመክ ምሽግና ሱቅ አዝ-ዘል ያሉበት ሰፈር፣ የዚያች ከተማ እምብርት ነው። የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ የበኩር ልጅ ቱርኪ በ1919 በዚሁ በሽታ ሞቷል። የነጅድ ሰዎች ያንን ዘመን «ሰነት አር-ራሕማ»፣ ማለትም የምሕረት ዓመት ይሉታል። ሙታን ከመብዛታቸው የተነሣ «አላህ ይዘንለት» የሚለው ቃል ከሰው አፍ ስላልጠፋ ነው ይባላል።

ሁለቱ ሕዝቦች ያን ጊዜ ክትባትም ምርመራም አልነበራቸውም። ግን ሁለቱም ለፍርሃታቸው ስም አወጡለት፣ ሐዘኑንም አብረው ተሸከሙት። ይኼ ራሱ አንድ የመቋቋሚያ መንገድ ነው። ዛሬ በእነሱ ላይ የምንጨምረው እውቀትንና ሕክምናን ነው።

በ2020 ሪያድ ውስጥ የሆነው

ሳዑዲ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያሳወቀችው ማርች 2 ቀን 2020 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ማርች 13 (መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.)። እዚህ ማርች 17 የመስጊድ የጀመዓ ሶላት ቆመ፣ ማርች 23 የምሽት ሰዓት እላፊ ተጀመረ፣ ኤፕሪል 6 ደግሞ በሪያድ የ24 ሰዓት እገዳ ታወጀ። ሰው ለምግብና ለመድኃኒት ብቻ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (በዚህ አገር አቆጣጠር ከ6 እስከ 3 ሰዓት) በሰፈሩ ውስጥ እንዲወጣ ተፈቀደ። እላፊው ሙሉ በሙሉ የተነሣው ጁን 21 ነው።

አንድ ነገር አስታውሱ። ያኔ «ቫይረሱ ሙቀት አይወድም፣ የሪያድ ፀሐይ ይገድለዋል» ይባል ነበር። እውነቱ ግን ሳዑዲ ውስጥ በቀን ከ4 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ የተመዘገበው በጁን 2020፣ በዋናው የበጋ ንዳድ ነው። «ጥቁር ሰው አይዘውም» የሚለውም በየቴሌግራሙ ዞሯል፣ እሱም ውሸት ነበር። ወሬ የሚስፋፋው ሰው ተስፋ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ወሬ የላከላችሁን ሰው አትስደቡት። «ይኼን ማን አለ? የጤና ሚኒስቴር ነው?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁት።

ሰላምታ፣ ቡናና ገበታ

እኛ ሰላም የምንለው ጉንጭ ለጉንጭ እየተሳሳምን ነው፣ ያውም ሦስት አራት ጊዜ። የነጅድ ሰዎችም አፍንጫ በማስነካትና ትከሻ በመሳም ሰላም ይባባላሉ። የእኛ እንጀራ በአንድ ትሪ ይቀርባል፣ የእነሱም ከብሳ በአንድ ሰፊ ሳህን። ስለዚህ «ተራራቁ» የሚለው ትእዛዝ ለሁለታችንም ከበደን። ከሰው መራቅ እንደ ንቀት ወይም እንደ ጥርጣሬ ይታያል። ጉርሻ እምቢ ማለትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ታዲያ ያኔ ምን ተደረገ? እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት መጣ። ይኼ አዲስ ነገር አልነበረም፣ ታላቅን ስናከብር ድሮም የምናደርገው ነው። ሰው በቀላሉ የተቀበለው ለዚያ ነው። ከባህሉ ውስጥ ያለውን ሌላ አክብሮት አወጣና ተጠቀመበት።

ቡናም እንደዚያው ነው። የቡና ዋናው ነገር ሲኒው ብቻ አይደለም፣ «ማን ጠፋ? ማን ታመመ? ማን አዘነ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ሰዓት መሆኑ ነው። ይህን ሰዓት በስልክ ማቆየት ይቻላል። ሁላችሁም በየቤታችሁ አፍልታችሁ፣ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ተያይታችሁ ጠጡ። ሰዓቱን አትቀያይሩት፣ ለምሳሌ «አርብ ከሰዓት» ብላችሁ ያዙት። የጠፋችውን ሰው የምታውቁት ሰዓት ሲኖራችሁ ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትኖር፣ ከቤት ለማትወጣ እህት፣ ይቺ አንዲት ሰዓት የሕይወት ገመድ ልትሆን ትችላለች።

በአንድ ክፍል አምስት ስድስት ሆናችሁ ከምትኖሩት ደግሞ አንድ ሰው ካሳለ፦ መስኮት ክፈቱ፣ ሳህኑንና ሲኒውን ለዩለት፣ ፍራሹን ወደ አንድ ጥግ ራቅ አድርጉለት፣ ከተቻለ ሁላችሁም ማስክ አድርጉ። ግን አታግልሉት። ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጣችሁ ራቅ ብላችሁ አጫውቱት። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲባል የግድ ጉንጩን መሳም ማለት አይደለም። መጠየቅ፣ ማብላት፣ ሐኪም ቤት ማድረስም ያው መድኃኒት ነው።

«ምች ነው»፣ «የኤሲ ብርድ ነው»

ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንለው «ምች መታኝ» ነው። አገር ቤት ቢሆን ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ይጠጣል። እዚህ ሪያድ ደግሞ አዲስ ስም መጥቷል፦ «የኤሲ ብርድ ነው»። ከውጭ ንዳድ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ስትገቡ ሰውነት መከፋቱ እውነት ነው። ችግሩ ስሙ ነው። ለበሽታው የምናውቀውን ስም ከሰጠነው የሚያዝ መሆኑን እንረሳለን፣ ሕክምናም እንዘገያለን።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ማር፣ ሎሚ፣ ጥቁር አዝሙድ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፣ መንፈስም ያረጋጋሉ። ጠጧቸው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ኮሮናን እንደሚፈውሱ ግን አልተረጋገጠም። አረቄን እንደ መድኃኒት መጠጣት ደግሞ አደገኛ ነው። በ2020 መጀመሪያ ኢራን ውስጥ «አልኮል ቫይረሱን ይገድላል» ተብሎ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ከባህላዊው ጎን ለጎን ይህን አንድ ደንብ ያዙ፦ ቀን ቁጠሩ። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ሦስት ቀን አልፎ ካልቀነሰ ሐኪም ይይ። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፦

• መተንፈስ ማቃት ወይም ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ማለክለክ
• የማይለቅ የደረት ሕመም
• ግራ መጋባት፣ መቀባዠር፣ ለመንቃት መቸገር
• የከንፈር ወይም የጥፍር መጥቆር (የከንፈርን ውስጠኛ ክፍል እዩ)

አንድ ሌላ ነገር። የወረርሽኝ ፍርሃት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ በክሎሮክስ ይታጠባል፣ አጣቢዋም እናንተ ናችሁ። ክሎሮክስን ከፍላሽ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ማዳም «ቀላቅይው» ብትል እንኳ «ላ፣ ኸጢር» (አይሆንም፣ አደገኛ ነው) በሏት።

በግመልና በከብት እርባታ ለምትሠሩ ወንድሞች ደግሞ፦ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ሳዑዲ ውስጥ የታወቀው መርስ የሚባለው የኮሮና ዘመድ በሽታ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። ከተመዘገቡት ታማሚዎች መካከል 35 በመቶ ገደማ ሞተዋል። ያልፈላ የግመል ወተት መጠጣት በእነሱም በእኛም ዘንድ እንደ ብርታት ይታያል። አፍልታችሁ ጠጡት። ግመል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ካሳላችሁም ለሐኪሙ «ከግመል ጋር ነው የምሠራው» ብላችሁ ንገሩ።

ጸሎት፣ ዱዓና መድኃኒት

በ2020 የአዲስ አበባ ምዕመን ፋሲካን (ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.) ቤቱ ሆኖ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ አሳለፈ። ለብዙዎች ከባድ ነበር። ሪያድ ላሉ ክርስቲያን እህቶቻችን ግን ይኼ አዲስ አልነበረም። የአደባባይ አምልኮ በሌለበት አገር፣ ስልክ ጆሮ ላይ አድርጎ መጸለይንና መዝሙር ዝቅ አድርጎ መስማትን ከወረርሽኙ በፊት ተምረውታል። ብዙ ጊዜ እንደ ጉድለት የምናየው የስደት ኑሮ ያኔ ልምድ ሆነ።

ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ረመዳንን ያለ መስጊድ ተራዊሕ ጾሙ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች አዛን ላይ «በቤታችሁ ስገዱ» የሚል ጥሪ ተሰማ። ይህም ቢሆን አዲስ ፈጠራ አይደለም። በዝናብና በብርድ ጊዜ እንዲህ ይባል እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለው ትምህርትም ከነቢዩ ዘመን የመጣ ነው። ኸሊፋ ዑመር ወደ ሻም ሲሄዱ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። ስለዚህ «ከቀደር አልሸሽም» የሚል ሰው ካለ፣ መጠንቀቅም ራሱ ከቀደር ውስጥ መሆኑን በእርጋታ ንገሩት።

ጠበልም እንደዚሁ ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ብዙ ሰው ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱን ያቆም ነበር። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። እምነቱ ሳይነካ የመድኃኒቱ በር ተከፈተ። ዛሬም ያው ነው፦ ጠበሉንም ዘምዘሙንም ጠጡ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ፣ ጽዋውንም ከታመመ ሰው ጋር አትጋሩ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ሁለቱም ሃይማኖቶች ያስተምራሉ። ስለዚህ ትኩሳት ላይ ሆናችሁ ውኃ ለመጠጣት አትሸማቀቁ።

«ደህና ነኝ» የሚለው መልስ

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ባህላችን ቻይ ሰውን ያከብራል። «እንዴት ነሽ?» ስንባል ብናተኩስም መልሳችን «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ጎረቤት ከሆነ ፊታችንን አይቶ «አሞሻል እንዴ?» ይለናል። የውጭ አገር ሐኪም ግን ፊት አያነብም። «አልሐምዱሊላህ» ስትሉት «ደህና ናት» ብሎ ይጽፋል። «ትንሽ አሞኝ ነበር» ስትሉትም አሁን ድናችኋል ብሎ ያስባል።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ምስጋናውን በልባችሁ አድርጉትና ቁጥር ተናገሩ፦ ስንት ቀን ሆነው፣ ትኩሳቱ ስንት ዲግሪ ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ አስመለሰኝ። እነዚህን ጥቂት የዐረብኛ ቃላት ያዙ፦

• «ዓንዲ ሐራራ» — ትኩሳት አለኝ
• «ማ አግደር አተነፈስ» — መተንፈስ አልቻልኩም
• «አብጋ ሙስተሽፋ» — ሐኪም ቤት መሄድ እፈልጋለሁ
• «ሙንዙ ሰላሰት አያም» — ከሦስት ቀን ጀምሮ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የራሳችን ተረት። ባህላችን ውስጥ የሚደብቅም የሚናገርም አለ ማለት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የሚናገረውን ምረጡ።

ሰው ለምን እንደሚደብቅም መረዳት አለብን። አንዱ ምክንያት መገለል ነው። በ2020 መጀመሪያ ከሳዑዲ ወደ ኢትዮጵያ በገፍ ተመላሾች ነበሩ። እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ብቻ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መመለሳቸውን ገልጾ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መመለሱ ለጊዜው እንዲቆም ጠይቆ ነበር። አገር ቤት ሲደርሱ ተመላሾቹን «በሽታ ይዘው መጡ» ብሎ የሚሸሻቸውም ነበር። ታሞ የተሸሸ ሰው ሌላ ጊዜ አይናገርም። «ማን አመጣብን?» ከማለት «ምን ላድርግልሽ?» ማለት ሁላችንንም ያድናል።

መርዶና ለቅሶ በስደት

በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው፣ ሰውዬው ብቻውን እንዳይሆን ተጠንቅቀው፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ ይነግሩታል። ይኼ ትልቅ ጥበብ አለው፦ ሰው ሐዘን ሲደርስበት የሚይዘው እጅ አጠገቡ ይኖራል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ይህ ልማድ ይሰበራል። ሰው ቤት ተዘግታ ያለች ልጅ የእናቷን ሞት በፌስቡክ ፎቶና «ነፍስ ይማር» ታነባለች፣ ብቻዋን።

ይህን ለመከላከል አሁኑኑ ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ። መርዶ ቢኖር ማን እንደሚነግራችሁ አንድ ሰው ምረጡ። እዚህ ሪያድ ያለች አንዲት ጓደኛችሁን ስልክ ለዚያ ሰው ስጡት። መጀመሪያ ለእሷ ይነገራት፣ እሷም ሥራ ላይ አለመሆናችሁን አረጋግጣ ትደውልላችሁ። ቤተሰብም ያንን ሰዓት እስኪያልፍ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ ንገሩ።

ለቅሶውም ይቀመጥ። ሦስት ቀን ማታ ማታ ጓደኞች በስልክ ተሰብስባችሁ አውሩ፣ አልቅሱ፣ ሟችን አንሡ። «እግዜር ያጥናሽ»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» የሚለው ቃል በስልክም ቢሆን ያጸናል። መዋጮን በሚመለከት ግን ተጠንቀቁ። ሳዑዲ ውስጥ ያለ ፈቃድ የአደባባይ ገንዘብ ማሰባሰብ በሕግ የተከለከለ ነው። ቲክቶክ ላይ የባንክ ቁጥር ከመለጠፍ፣ የሚተዋወቅ ሰው በቀጥታ ለቤተሰቡ ይላክ።

ለቅሶና ቀብር በጤና ምክንያት ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ምዕራብ አፍሪካ አስተምራናለች። ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። አስከሬን ማጠብ በሽታውን ያስተላልፍ ነበር። መጀመሪያ ባለሥልጣናት አስከሬኑን ወስደው ዝም ብለው ሲቀብሩ፣ ቤተሰብ ሙታኑን መደበቅ ጀመረ። በ2014 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ከሙስሊምና ከክርስቲያን መሪዎች ጋር መክሮ መመሪያውን አሻሻለ፦ አስከሬኑን የሚነካው የሠለጠነ ሰው ይሁን፣ ግን ቤተሰብ ራቅ ብሎ ይይ፣ ኢማሙ ወይም ካህኑ ይጸልይ። ትርጉሙ ሳይነካ መልኩ ተቀየረ፣ ቤተሰብም ከዚያ በኋላ መተባበር ጀመረ።

ባህል ያልሆነው ነገር

አንዳንድ ጊዜ «ኢትዮጵያውያን ሐኪም ቤት አይሄዱም፣ ባህላቸው ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ አይደለም። ኢቃማ የሌለው ሰው ተርሒል ፈርቶ ክሊኒክ ካልሄደ፣ ይኼ ፍርሃት ነው እንጂ ባህል አይደለም። ስልኳ የተወሰደባት ልጅ ካልደወለች፣ ይኼ መብት መነፈግ ነው። በ2020 አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች በሳዑዲ የማቆያ ቦታዎች ኢትዮጵያውያን በወረርሽኙ ጊዜ በተጨናነቀ ሁኔታ እንደተያዙ ዘግበዋል። እዚያ «ተራራቁ» ማለት ትርጉም አልነበረውም። በጁን 2020 ቤይሩት ውስጥም አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው የቤት ሠራተኞችን የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለው ሄደዋል። ይህን ማንም ባህል ሊለው አይችልም።

በሌላ በኩል በር የሚከፍት ውሳኔም ነበር። ማርች 30 ቀን 2020 ንጉሥ ሰልማን የኮሮና ሕክምና ለዜጋም፣ ለነዋሪም፣ ኢቃማ ለሌለውም ሰው በነጻ እንዲሰጥ አዘዙ። ክትባቱም በዲሴምበር 2020 ሲጀመር ለዜጎችና ለነዋሪዎች በነጻ ተሰጠ። ይህ ትእዛዝ ለዚያ በሽታ የወጣ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ደንቡ ምን እንደሆነ ከወሬ ሳይሆን ከጤና ሚኒስቴር 937 ደውላችሁ ጠይቁ።

የቤት ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ እነዚህን መብቶች ይሰጣችኋል፦ ሕክምና ማግኘት፣ በሐኪም ወረቀት የሕመም ፈቃድ ማግኘት፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ማድረግ፣ ከቤተሰብና ከኤምባሲ ጋር መገናኘት፣ ፓስፖርታችሁን በእጃችሁ መያዝ። ወረርሽኝ ስለመጣ እነዚህ መብቶች አይቆሙም። ቤቱ ሰው ሞልቶ ሥራ ቢበዛም፣ የዕረፍት ሰዓታችሁ የእናንተ ነው።

መብታችሁን ስትጠይቁ የእነሱንም ባህል ተጠቀሙበት። ብዙ የሳዑዲ ቤተሰብ ለእናት ይሳሳል፣ በሽታ ወደ አያት እንዲደርስም አይፈልግም። «ትኩሳት አለኝ፣ ለሓጃዋ እንዳላስተላልፍ ሐኪም ልይ» ማለት ከክርክር ይልቅ ቶሎ ሊሰማ ይችላል። እሺ ካላሉ ደግሞ ቀጥሎ ያሉትን ስልኮች ተጠቀሙ። ሕይወታችሁ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ሳትደውሉና ሳታማክሩ ከቤት አትውጡ፣ «ሁሩብ» ተብላችሁ ልትመዘገቡ ትችላላችሁና።

ሳይመጣ በፊት አሁን የምታደርጉት

1. እነዚህን ቁጥሮች ስልካችሁ ላይም ወረቀት ላይም ጻፉ፦ አምቡላንስ 997፣ በሪያድ አጠቃላይ የአደጋ ጥሪ 911፣ የጤና ምክር 937፣ የሠራተኛ አቤቱታ 19911። የኤምባሲውንም ቁጥር ጨምሩበት።
2. የፓስፖርትና የኢቃማ ፎቶ አንሥታችሁ አገር ቤት ላለ አንድ ለምታምኑት ሰው ላኩ።
3. አራት አምስት ሆናችሁ የቡና ሰዓት ያዙ። ሁለት ጊዜ ያልታየች ካለች ማን እንደሚደውልላት ከአሁኑ ተስማሙ።
4. የመርዶ ሰው ምረጡ።
5. የሕመምና የአደጋ ቃላትን በዐረብኛ አጥኑ።
6. ገንዘብ ስትልኩ ትንሽም ቢሆን ለራሳችሁ አስቀሩ። በ2020 ሥራ ሲቆም መጀመሪያ የተቸገረው ያለውን ሁሉ ወደ ቤት የላከ ሰው ነው። ለቤተሰብ ማሰብ ጥሩ ባህል ነው፣ ግን እናንተ ከወደቃችሁ የሚልክ አይኖርም።

ጓደኛችሁ ዛሬ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ድምጿ ካላማራችሁ፣ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንዴ ደግማችሁ ጠይቋት፦ «እውነት? ስንት ቀን ሆነሽ?»